ካልሲ እየሠራች የምትተረትረው እትዬ ልክ

እትዬ ልክ ዓይኗ ፈዟል፤ አንዲት የሕፃን ካልሲ እየሠራች መልሳ ትተረትራለች፤ ተባለ። ማን እንዳለው አልናገርም፤ ዳቦ የምገዛበት ቤት አንድ ብቻ ነው።

መተርተሯ እውነት ነው። የዓይኗ ነገር ግን ውሸት ነው። ይቺ ሹራብ ሠሪ ሜትር ይዛ አታውቅም። እኔን ገና በር ላይ አይታ፣ "አንተ ትወፍራለህ" ብላ ለሆዴ አስተርፋ ሠራችልኝ። ተቀየምኩ። ይህን የምጽፈው ያንኑ ሹራብ ለብሼ ነው፤ ጠቦኛል።

ካልሲው ለጎረቤቷ ልጅ ነበር፤ ገና መቀመጥ ለጀመረች ሕፃን። መጀመሪያ ልክክ አለላት። ሰንበት ብላ እናትየው መለሰችው።

"እትዬ፣ ጠበባት። ሳደርግላት ታለቅሳለች።"

እትዬ ልክ ከንፈሯን ነክሳ ተረተረችና አስፍታ ሠራችው። ብዙም ሳይቆይ ካልሲው ከሕፃኗ እግር እየወለቀ መንገድ ላይ ይለቀም ጀመር። አጠበበችው። እንደገና አልገባ አለ። ይሄኔ ነው ሰፈሩ አፉን የከፈተው። የሕፃኗ አያትማ ልጅ ካዘለችው ምራታቸው ጋር ደጃፏ ድረስ መጥተው፣ "ልክ ለሚያውቅ ይሰጥ! ልጅቷ እንደሆነች ጥርስ ልታበቅል ነው የምትነጫነጨው" አሉ።

ሌላ ሰው ቢሆን በንዴት መርፌውን ያነሣ ነበር። እሷ መርፌውን አስቀምጣ ሕፃኗን ተቀበለች። የእግሯ ጀርባ እንደ ሊጥ ተነፍቷል፤ ጣቶቿም እንደዚያው። ነካ ስታደርጋት ልጅቷ ጮኸች። የዓይኗ ነጩ ቢጫ ሆኗል፣ ከንፈሯ ገርጥቷል፣ ገላዋ ይፋጃል።

"ካልሲዬስ ባለበት አለ" አለች። "እብጠቱ ነው የሚመጣ የሚሄደው።"

"ብርድ ነው!" አሉ አያት። "ደግሞ አንቺ ሐኪም ነሽ?"

"አይደለሁም። ለዚህ እኮ ነው ሐኪም ጋ እንሂድ የምለው።"

እናትየው አማቷን አየች፣ ልጇን አየች፣ ነጠላዋን አነሣች። አብረው ሄዱ።

ሐኪሟ ደም አስመረመረች። ሲክል ሴል የሚባል የደም በሽታ ነው አለች። ክብ መሆን ያለባቸው የደም ሕዋሳት እንደ ማጭድ ይጎብጡና ጠባቡን የደም ሥር ይዘጉታል፤ እጅና እግር አብጦ የሚያሠቃያት ለዚህ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ስለሚሞቱም ትገረጣለች፣ ዓይኗም ቢጫ ይሆናል። ትኩሳቱን አይታ ወዲያው ሐኪም ቤት አስተኛቻት። "ዛሬ ባታመጧት ኖሮ ያስፈራኝ ነበር። ከእንግዲህ ትኩሳት ካላት ነገ አትበሉ።" በሽታው ከእናትም ከአባትም ሲወረስ የሚመጣ መሆኑን፣ ወላጆቹ ግን ጤነኛ መስለው ሊኖሩ እንደሚችሉ ለሁሉም አስረዳች።

ልጅቷ ትኩሳቱ ለቋት፣ መድኃኒትና የክትትል ቀጠሮ ይዛ ወጣች። ጎረቤት እንኳን ማረሽ ለማለት ቤቱን ሞላ። እኔም ነበርኩ፤ የት ልቀር! አያት ምራታቸውን በጎን እያዩ፣ "በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም" አሉ። ምራቲቱ አንገቷን ደፋች። ልጃቸው፣ የሕፃኗ አባት፣ ጫማውን ማየት ጀመረ።

እትዬ ልክ ጥግ ይዛ ትሠራ ነበር። ከመርፌዋ ቀና ሳትል እንዲህ አለች፦

"እማማ፣ ምራትዎም በእኔ ዘር የለም ትላለች። ታዲያ ልጅቷ ከየት አመጣችው፣ ከእኔ ክር?"