ወደ ውስጥ የምትሳብ አዎ

ባሌ ድሮም ንግግር አያበዛም። ሃያ ሦስት ዓመት አብረን ስንኖር፣ ለጠየቅኩት ነገር መልሱ አዎ ከሆነ፣ አፉን መክፈት ይከብደውና ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋታል። ሁላችንም እናደርጋታለን፤ የእሱ ግን በዛ። «ዳቦ ልግዛ?» ሳብ። «ቸርች ትመጣለህ?» ሳብ። «አንደበት የለህም ወይ?» ብዬ ስቆጣ ደግሞ «ዝም አይነቅዝም» ይለኛል። ለዚህች ቃል አያጣም።

ባለፈው ዓመት፣ እዚህ በሰው አገር በረዶው በከፋበት ሰሞን፣ ስትሮክ መታው። በስምንተኛው ቀን ዓይኑን ገለጠ፤ የሚያይ ግን አይመስልም። እጄን ጭመቅ ሲሉት አይጨምቅም፣ ምላስህን አውጣ ሲሉት አያወጣም። ወጣቱ ዶክተር «ይተነፍሳል፣ ዓይኑን ይገልጣል፤ ራሱን ማወቁን ግን እርግጠኛ መሆን አንችልም» አለኝ። ከሁለት ቀን በኋላ ቤተሰቡ ተሰብስቦ፣ ሕክምናው ይቀጥል ወይስ ይብቃ የሚለውን እንድንነጋገር ቀጠረን።

እዚሁ የተወለደችው ልጄ «ማሚ፣ የሚያናግርሽ ይኑር» ብላ አማርኛ የሚያወራ ፕሮግራም ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነው። አቤት አማርኛው። «አይዞሽ፣ ድካምሽ ይገባኛል» ይለኛል። ስለ ስትሮክ ብጠይቀው ከዶክተሩ በላይ ያብራራል። በዚያው ማታ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ «አሁን እዚህ መሆኔን ታውቃለህ?» አልኩት። «አዎ፣ አብሬሽ ነኝ» አለኝ። እንዲህ በቀላሉ። ተናደድኩና ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ወረወርኩት።

«እሱ እኮ ምንም አይሰማውም፣ ማሚ» አለች ልጄ። «ስማርት ነው እንጂ ውስጡ ማንም የለም።»

«አባትሽስ?» አልኳት።

ወደ አልጋው ዞረች። ያኛው አፈ ቅቤ ነው፣ ውስጡ ግን ሰው የለም። ይሄኛው ቃል አይወጣውም፣ ውስጡ ሰው ይኑር አይኑር የሚነግረን የለም። ዕድሜዬን ሙሉ ማሰብና ራስን ማወቅ አንድ ነገር ይመስሉኝ ነበር። ለየብቻቸው መሄድ እንደሚችሉ ያን ቀን ገባኝና ፈራሁ።

በማግስቱ ጠዋት ብርድ ልብሱን እያስተካከልኩ፣ እንደ ልማዴ «በርዶሃል?» አልኩት።

ሳብ አደረጋት።

ነርሷ ትንፋሽ ያጠረው መስሏት ደንግጣ ወደ ኦክስጅኑ ሮጠች። ክንዷን ያዝኳት። «መለሰልኝ እኮ ነው፤ አዎ አለኝ» አልኳት። ዶክተሩም ተጠርቶ መጣና ነገሩን ሲሰማ፣ እንዳይከፋኝ እየተጠነቀቀ፣ ዝም ብሎ ትንፋሽ ሊሆን ይችላል አለኝ። ነርሷ ግን ጸጉሯ የሸበተ የዚሁ አገር ሰው ናት፤ ጥቂት አሰብ አድርጋ «ኖርዌጂያኗ አያቴም አዎ ስትል እንዲህ ታደርግ ነበር» አለች። እግዜር ይስጣት።

ጎንበስ አልኩበት። «እህትህ ነኝ?» ዝም። «ሚስትህ ነኝ?» ሳብ። «ቤታችን ዌስት ሴንት ፖል ነው?» ዝም። «ሮዝቪል ነው?» ሳብ። ዶክተሩ ራሱ በእንግሊዝኛ ውጭ ሙቀት ነው ወይ ብሎ ጠየቀው፤ ዝም አለው። በረዶ ነው ወይ ሲለው ሳብ አደረገለት። ዶክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ የቤተሰቡም ስብሰባ ቀረ። እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ጌታን እያመሰገንኩ አለቀስኩ። እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም።

አሁን እቤቱ ነው። በከዘራ ይሄዳል፤ ቃላቱም አንድ በአንድ እየተመለሱ ነው፣ ድሮም ብዙ አልነበሩም እንጂ። ስልኬ ላይ ያለውንም አላጠፋሁትም። ከሆስፒታል የሚመጣውን ወረቀት ያነብልኛል፤ ጎበዝ ነው፣ አልክደውም።

አንድ ነገር ግን ሲከነክነኝ ቆየ። በእነዚያ ቀናት አይሰማኝም ብዬ ጆሮው ሥር ያልኩት ብዙ ነው። ጥለኸኝ ልትሄድ ነው ብዬ ሰድቤዋለሁ። በሃያ ሦስት ዓመት አንድም ቀን ያላልኩትንም፣ እንደምወደው፣ ነግሬዋለሁ። ባለፈው እሑድ ካልሲውን እያጠለቅኩለት፣ ቀና ሳልል ጠየቅኩት።

«ያኔ ያልኩህን ሰምተኸኝ ነበር?»

ሳብ አደረጋት።

«ሁሉንም?»

ሃያ ሦስት ዓመት የተጣላኋትን ትንፋሽ እንደገና ሳባት። መልሱን ብሰማም፣ ያችኑ ትንፋሽ እንዲያሰማኝ ብዬ ደግሜ ጠየቅኩት።