በር የሌለው ቤት

ቦሌ ቡልቡላ፣ ኮንዶሚኒየማችን በረንዳ ላይ የረሳሁትን የእናቴን ሰፌድ ዝናብ አበሰበሰው። ሳነሳው የራሰ አክርማ ሸተተኝ።

ልጅ ሳለሁ ይህ ቦታ ከከተማ የራቀ ሸለቆ ነበር። ክረምት ወንዙ ሞልቶ ከገበያ ሲያቆራርጠን እናቴ ምድጃ ዳር ሰፌድ ትሰፋለች፤ እኔ አክርማውን ውሃ ውስጥ እየነከርኩ አቀብላታለሁ። አንድ ቀን እዚህ ሰፌድ መሃል ቤታችንን በቀይ አክርማ ሰፋችው።

«እማዬ፣ በሩስ?»

«የለውም።»

«ታዲያ በምን እንወጣለን?»

ወስፌዋን ሰፌዱ ላይ ሰካች። «እንዳንወጣ ብዬ ነው» አለችኝ።

የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። መሬታችን እንደሚወሰድ ቀበሌ አስቀድሞ ነግሯት እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። ከተነሳን ወዲህ ወስፌ አልነካችም፤ ኪራይ ቤት ውስጥ ሞተች።

ሰፌዱን በነጠላዬ ጠረግሁት። ቀዩ ቀለም ለቀቀ። ቤታችን ነጠላዬ ላይ ቀረ።