ለድልቡ በሬ የሰፋው በራችን

የልጅ ልጄ ወረታ ከተማ ካለው ቤቴ ደጃፍ ተቀምጦ የእንግሊዝኛ ትምህርቱን ጮክ ብሎ ሲያጠና፣ «ዋይደን ማለት ሰፋ ማለት ነው፤ መንገዱ ሰፋ፣ ወንዙ ሰፋ» እያለ ሲደጋግመው፣ በጆሮዬ የሚመጣብኝ የአባቴ መጥረቢያ ድምፅ ነው። እኔ ከፊደል ብዙም አልተሻገርሁ፤ መስፋት ምን እንደሆነ ግን ልጅ ሆኜ ከገዛ ቤታችን ተምሬዋለሁ።

የክረምቱ ውኃ ከፎገራ ሜዳ ሸሽቶ፣ መስቀል አልፎ፣ እህቴ የሻረግ በጥር እንድትዳር ቀን ሲቆረጥላት፣ አባቴ ጎድን አጥንቱ የሚቆጠር በሬ እየጎተተ አምጥቶ ቤት ውስጥ ካለው ጋጥ አሰረው። ለሰርጉ ሊደለብ ነው። እናቴ አተላውን፣ እኛ የጓያ ገለባውን እያቀረብንለት፣ በሬው ደጅ ሳይወጣ እየበላ ይተኛ፣ እየተኛ ይበላ ነበር። አባቴም ማታ ማታ ጀርባውን እየዳሰሰ፣ «ይኸ አልጋ ሆነ እኮ!» እያለ ይኩራራ ነበር።

ጥምቀት አልፎ የሰርጉ ዋዜማ ደረሰና፣ ሊታረድ ሲጎተት በሬው አንገቱን ከበር አውጥቶ ሆዱ ቀረ። ከፊት ጎተቱት፣ ከኋላ ገፉት፤ የበሩ መቃን ተንቋቋ እንጂ እሱ ንቅንቅ አላለም።

«እዚሁ ውስጥ ይታረድ» አለ አንድ ጎረቤት።

«ልጄ ደም ተራምዳ ልትዳር?» ብላ እናቴ ጮኸችበት።

«እንግዲያ እስኪከሳ ሰርጉን እናቆየዋ!» አለ ሌላው፣ እየሳቀ።

አባቴ መጥረቢያውን አንሥቶ መቃኑን ነቀለ፣ እናቴ ለሰርጉ ብላ በነጭ አፈር የለቀለቀችውን ግድግዳ አፈረሰ፤ በሬውም እንደ ባለርስት እየተጎማለለ ወጣ።

ጉዱ የመጣው በማግሥቱ ነው። በእኛ አገር የሙሽራው ወገን ሲመጣ ሴቶቹ በሩ ላይ ተያይዘው ይከለክላሉ፤ ሚዜዎቹም ሳይለምኑ አይገቡም። ሳይከለከልላት የወጣች ሙሽራ ግን፣ «ገፍትረው የሰጧት» እየተባለች ዘመኗን ሁሉ ስትሰደብ ትኖራለች። የዚያን ቀን ልጃገረዶቹ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ቢቆሙ፣ የድሮውን በር እንጂ የፈረሰውን አልሞሉትም።

«ለእኛ ብላችሁ ነው ያሰፋችሁት? እግዜር ይስጥልን!» ብሎ አንዱ ሚዜ ወደ ክፍቱ ዞር ሲል፣ የሻረግ ጓዳ ውስጥ ስቅስቅ ብላ ስታለቅስ ሰማኋት።

ይኸን ጊዜ የአባቴ እህት እታገኝ፣ ሁልጊዜ በራችንን በጎኗ የምታልፈው አክስቴ፣ ከወጡ ድስት ሥር ተነሥታ፣ ማማሰያዋን እንደያዘች መጥታ ክፍቱ ላይ ቆመች። በሩ ሞላ።

«እመይቴ፣ ያሳልፉን እንጂ!»

«የፈረሰው ለበሬ ነው፤ በሬ ከሆንህ እለፍ!»

ጀምበር እስክታዘቀዝቅ ለመኑ። የሻረግም እንባዋ ሳይደርቅ በነጠላዋ ተሸፍና ትስቅ ነበር።

አምና የመጨረሻዋ ልጄ ስትዳር ድግሱ አዳራሽ ውስጥ ነበር። በሩ መኪና ያስገባል፤ ግራ ቀኙ አበባ ነው፤ የሚከለክል ሰው የለም። እኔ አላስችል ቢለኝ፣ ሚዜዎቹ ሲመጡ መካከሉ ላይ ሄጄ ሁለት ክንዴን ዘርግቼ ቆምሁ። ልቀበላቸው የቆምሁ መስሏቸው ነው መሰለኝ፣ አንድ በአንድ እያቀፉ፣ እየሳሙኝ ገቡ።