ሙሐመድሳኒ ሐዘን የዋጠበት ፊልም

ሚዛን ተፈሪ ገበያው አጠገብ ጨርቅ የሚሸጠው ሙሐመድሳኒ በዕድሜው ሰው አስጨርሶ ሰምቶ አያውቅም። ደንበኛ «ለልጄ ሠርግ...» ብሎ ሳይጨርስ እሱ ጨርቁን ቀዶታል።

በ1999 ዓ.ም. መስቀል ሰሞን ከአዲስ አበባ ፊልም ሠሪዎች መጡና ለአንዲት ትዕይንት ሰው አጡ። ዋናው ተዋናይ ፉል እየበላ የወንድሙን ሞት ይተርካል፤ አንድ ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ይሰማዋል። ያ ሰው ሙሐመድሳኒ ሆነ።

ፊልሙ ቪዲዮ ቤት ሲታይ፣ የትያትር ክበብ የሚመራው መምህር ባስልኤል ብድግ አለ። «አቁመው! ዐይኑን እዩ። ከተናጋሪው አፍ ወደ ሳሕኑ ወረደ። ሐዘኑን ፊት ለፊት ማየት አልቻለማ! ልቀቀው... ጉሮሮውን! እንባውን ዋጠ። ዋናው ተዋናይ ጮኾ ያቃተውን ይሄ ሰው በጉሮሮው ሠራው!»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ሚስቱ ከድጁ ብቻ፣ «ሲቀረጽ ረመዷን ነበር እኮ! ርቦት ነው» አለች። የሰማት የለም።

በማግስቱ ሱቁ በር ላይ ሰው ተሰለፈ፤ ጨርቅ ፈላጊ ግን አልነበረም። አስካለች ስለ ምራቷ፣ ከጎረቤት ከተማ ከአማን የመጣ ሹፌር ስለ ጨጓራው ነገሩት። ረፋድ ላይ የመጡት ተጽናንተው ሄዱ። ከምሳ በኋላ የመጡት አኮረፉ።

«ፊልሙ ላይ እንዲህ አልነበርክም» አለችው ካኮረፉት አንዷ በየነች። «አሁንማ ታዛጋለህ።»

ከፍቶት ቤቱ ገባና ሚስቱን «ምን ጎደለኝ?» አላት።

«ረኃብ።»

ከዚያ ወዲያ ምሳ ተወ። እሱ ከሳ፤ ዝናው ወፈረ።

አንድ ቀን ሽማግሌዎች ለዕርቅ ሸኮ ወረዳ ወሰዱት። ተካና ከፈለኝ በቡና መሬት ድንበር ተጣልተው ለቅሶ እንኳ አይደራረሱም። ተካ ሲናገር ከጓሮ የበቆሎ እሸት ጥብስ ሸተተ፤ ሙሐመድሳኒ ዋጠ። ከፈለኝ ሲናገር በቆሎው በሰፌድ ቀረበ፤ ሙሐመድሳኒ ደጋግሞ ዋጠ፣ ዐይኑም እንባ አቀረረ። ሁለቱም ለእኔ አዘነ ብለው አንገታቸውን ደፉ።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አሉት ሽማግሌዎቹ።

«ሳይበርድ» አለ፣ ከሰፌዱ ላይ ዐይኑን ሳይነቅል።

«እውነት ነው፤ ዕርቅ ሳይበርድ ነው!» ተባለ። ተካና ከፈለኝ ተሳሳሙ።

ዝናው አዲስ አበባ ደረሰና ሁለተኛ ፊልም ላይ የሠርግ እንግዳ አደረጉት። ሲታይ ባስልኤል በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። «ጥበቡ ጠፋ። ሰውየው የምር እየበላ ነው።»

ሰልፈኛው ሳሳ፤ ሙሐመድሳኒም ወደ ጨርቁ ተመለሰ። ተካ ብቻ በገበያ ቀን ከሸኮ እየመጣ አጠገቡ ይቀመጣል። የተጠበሰ እሸት ለሁለት ይሰብርና «ሳይበርድ» ይለዋል።