ብስክሌቱ ደህና ነበር

መጀመሪያ የታመመ የመሰለኝ ብስክሌቴ ነው። ዓርብ ማለዳ ከምኖርባት ከሱዳኗ ገዳሪፍ ወደ ፋው ከተማ በሚወስደው አስፋልት እየነዳሁ፣ ሁልጊዜ እያፏጨሁ የማልፋት ትንሽ ዳገት ላይ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ወረድኩና የኋላውን ጎማ አንስቼ አሽከረከርኩት። ይዞራል። "ኩሽኔታው ነው" አልኩ። በማግስቱ ፈታትቼ ኩሽኔታ ቀየርኩ፣ ካቴና ቀየርኩ፣ ፍሬኑን አላላሁ። በሚቀጥለው ዓርብ ጭራሽ ባሰ።

እንዳትስቁብኝ፤ ሥራዬ ብስክሌት መጠገን ነው። ገበያው ዳር ባለችው ሱቄ ሱዳኑም ሐበሻውም "ያ ኡስታ ደሴ" እያለ ነው የሚመጣው። በዓረብኛ ያ ኡስታ ማለት አንተ የእጅ ሙያ አዋቂ ማለት ነው፤ ስሙ ያኮራኛል፣ ምን አስዋሸኝ! ዓይኔን ጨፍኜ በድምፁ ብቻ የብስክሌቱን ሕመም እነግራችኋለሁ። ወደ ማታ የሚነሳብኝን ትኩሳት ግን "ወባ ነው፣ ይለቀኛል" እያልኩ ከአንድ ወር በላይ ተሸከምኩት። ተመርምሬ ወባ የለብህም ሲሉኝም የወባ ክኒን ዋጥኩ። ባለቤቴ ትርንጎ ሱሪዬን በገመድ ማሰር ስጀምር አየችና "የብስክሌቱን ሆድ ሦስት ጊዜ ከፈትክ፤ የራስህንስ ማን ይይልህ?" አለችኝ። ኧረ ወዲያ አልኳት። እኔ መፍትሔ ብዬ የያዝኩት አዲስ ብስክሌት መግዛትን ነበር።

ከተማችን ውስጥ ጦርነቱ ከካርቱም ያፈናቀለው ካፒቴን ባቢክር የሚባል ሰው አለ። እዚህ አሰልጣኝን ካፒቴን ነው የሚሉት። ከቤቱ ንብረት ሁሉ መርጦ መኪናው ላይ አስሮ ያተረፈው ሁለት የትሪያትሎን ብስክሌት ነው። ትሪያትሎን ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ ሳያርፉ አከታትለው የሚወዳደሩበት ስፖርት ነው። ክረምት ራሃድ ወንዝ ሲሞላ ሀዋታ ከተማ ላይ ዋኝተን፣ ነድተን፣ ሮጠን የምንጨርስ ስምንት ሰዎችን ያሰባሰበን እሱ ነው። በዚያ ዕቃ በምጭንበት ብስክሌት ከስምንቱ አምስተኛ ወጥቻለሁ። "ጉልበቴ አርጅቷል፤ ከሁለቱ አንዱን እለቅልሃለሁ፣ ና ምረጥ" ሲለኝ ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ።

ዓይኔ ጥቁሩ ላይ ዐረፈ። ካርቦን ነው፤ በአንድ ጣት ይነሳል። ለካፒቴን ቁመት የተሠራ ስለሆነ ለእኔ ይረዝማል፤ ደንበኛ ቢሆን ኖሮ "ይቅርብህ" እለው ነበር። የትሪያትሎን ብስክሌት መሪው ላይ ሁለት የክንድ ማሳረፊያ አለው፤ ነጂው ክንዱን እዚያ አጋድሞ፣ ደረቱን ዝቅ አድርጎ ነፋሱን ሰንጥቆ ያልፋል። ካፒቴን ብስክሌቱን ደግፎ ያዘልኝና ወጥቼ ተጋደምኩ። ፔዳሉን ወደ ኋላ አሽከረከርኩ። ግራ ታፋዬ ወደ ላይ ሲመጣ ከጎድን አጥንቴ በታች አንድ ጠንካራ ነገር ነካ። ደገምኩት። አሁንም ነካ። ቀኙ ምንም አይነካም።

"መሪው ዝቅ ብሎብኝ ነው" አልኩ።

ካፒቴን ሆዴን በመዳፉ ዳሰሰ። ፊቱ ተለወጠ። "ላ፣ የለም፣ ያ ኡስታ። ይህ ጣፊያህ ነው። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂድ።"

ሐኪም ቤት አልሄድኩም። አባቴ ከአርማጭሆ የመጣ ሰው ነው፤ ጣፊያ ያበጠበት በጋለ ብረት ሲተኮስ እያየሁ ነው ያደግኩት። ሰፈራችን ውስጥ የሚተኩሱ አንድ ሽማግሌ አሉ። የሚግል ብረት አምጣ ሲሉኝ ከሱቄ አዲስ የጎማ ሽቦ ይዤላቸው ሄድኩ። በገዛ ዕቃዬ፣ በገዛ እጄ! ሦስት ቦታ ተኮሱኝ። አልጮህኩም። በዚያም ኮራሁ።

ቁስሉ አመረቀዘ። ትኩሳቱ አልወረደም። በአምስተኛው ቀን አፍንጫዬ ደማ። አልቆም አለ። ትርንጎ በነጠላዋ ያዘችልኝ። ነጠላው ቀላ። ራክሻ፣ ባጃጅ ማለቴ ነው፣ ጠርታ እንደ ሕፃን አቅፋ አስገባችኝ። ያን ጊዜ ምንም አልተከራከርኩም።

ዶክተሯ ወጣት ሱዳናዊት ናት። ጣቴን ወግታ አር ኬ ሠላሳ ዘጠኝ የሚባለውን ምርመራ ሠራች። "የት ታድር ነበር?" አለችኝ። ለሰሊጥ አጨዳ ዘመድ ላግዝ ሄጄ ጣልህ ከሚሉት ግራር ሥር ማደሬን ነገርኳት። በግራር ሥርና በጥቁሩ አፈር ስንጥቅ የምትኖር፣ ድምፅ የሌላት ደቃቃ የአሸዋ ዝንብ አለች፤ የነደፈችኝ እሷ ናት።

"ካላዛር ነው" አለች። "ካልታከመ ይገድላል። ታክሞ ግን ይዳናል።"

ሁለት መርፌ ታዘዘልኝ፤ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን። በየቀኑ ሁለቱም። ዐሥራ ሰባት ቀን። ጡንቻዬ ደነደነ። ምግብ ገማኝ። ልቤን በኢሲጂ አዩት። በዘጠነኛው ቀን በቃኝ አልኩ። ሞትን ፈራሁ፤ ከዚያ መፍራቱም ደከመኝ። ትርንጎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። "አንተ ሰው፣ ለአንድ ዳገት እንዲህ ካልተበገርክ ለእኔስ?" ብላ አለቀሰች። የአሥረኛውን ቀን መርፌ ለእሷ ብዬ ተወጋሁ።

ስወጣ ዶክተሯ የጣፊያዬን ጫፍ ሆዴ ላይ በእስክሪብቶ አሰመረችና "ይህ ከጎድን አጥንትህ ሥር እስኪገባ ብስክሌት የለም፤ ብትወድቅ ሊፈነዳ ይችላል" አለችኝ። ስለዚህ ወራቱን በእግሬ ገፋሁት፤ መጀመሪያ እስከ በሩ፣ ቀጥሎ እስከ ሱቄ፣ በኋላም ትርንጎ ያበሰለችውን ባሚያ ጠግቤ በልቼ እስከ ገበያው ማዶ እየሄድኩ፣ የሱሪዬን ገመድ ፈትቼ ቀበቶ እስክመልስ ድረስ። በየቀጠሮው መስመሩ ወደ ላይ ይወጣል፤ በመጨረሻው ዶክተሯ ጣቷን ከጎድኔ ሥር አስገብታ ፈለገች፣ ፈለገች፣ አጣችው። "ኸላስ፣ አለቀ፣ ንዳ" አለችኝ፤ እጇን ልስም ስል ሳቀችብኝ።

ካፒቴን ሁለቱንም ብስክሌት ለማንም ሳይሰጥ አቆይቶልኝ ነበር። እኔም በዚህ ጊዜ እንደ ባለሙያ መረጥኩ። ጥቁሩን ጎበኘሁና አመስግኜ አቆምኩት፤ አሁንም ታምራለህ አልኩት። ግራጫውን ያዝኩ። አሉሚኒየም ነው፣ ትንሽ ይከብዳል፤ ግን ቁመቱ የእኔ ነው፣ የውስጥ ጎማው፣ ከመነዳሪውም፣ ገበያችን ውስጥ ይገኛል። የክንድ ማሳረፊያውን በሦስት ቀለበት ከፍ አደረግኩት፤ ጠባሳው ሲታጠፍ ያመኛልና። ኮርቻውን ወደፊት ገፋሁ። ወጥቼ ተጋደምኩ። ግራ ታፋዬ ወደ ላይ መጣ። ምንም አልነካም። ደገምኩት፤ ምንም። ካፒቴን መሪውን እንደያዘ "አልሐምዱሊላህ" ሲል እኔ ኮርቻው ላይ ሆኜ አለቀስኩ።

ክረምት ላይ ከስምንቱ ስድስተኛ ወጣሁ። በአንድ ዝቅ ብያለሁ፤ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ቀን ግን የለኝም።

ለዶክተሯ፣ ለነርሶቹ፣ ሆዴን ለዳሰሰው ለካፒቴን ምስጋናዬ ይድረስ። ትርንጎ፣ አንቺን አልሰማሁሽም፤ ይቅር በይኝ፤ ነጠላሽን ግን አልረሳውም። እናንተ እንደ እኔ የሚያተኩሳችሁ፣ ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈና ወባ የለም ከተባላችሁ ካላዛር መርምሩኝ በሉ። ጣፊያ በእሳት አይድንም፤ "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" እንደሚባለው የእኔው መተኮስ ጠባሳ ብቻ አተረፈልኝ። መርፌውን ሳትጨርሱ አትውጡ። ከወራት በኋላ ፊታችሁ ላይ ሽፍታ ቢወጣ ተመልሳችሁ ታዩ። እርሻ ስታድሩ ናሙሲያ፣ አጎበሩን ማለቴ ነው፣ አትርሱ።

አሁን ሱቄ መጥቶ "ኡስታ፣ ብስክሌቱ ከበደኝ" የሚል ሰው ሲኖር ጎማውን አሽከረክራለሁ። ከዞረ ብስክሌቱን አስደግፌ ሰውየውን አስቀምጠዋለሁ፤ ስንት ቀን አተኮሰህ እለዋለሁ። እስካሁን ሁለት ሰዎችን እጃቸውን ይዤ ሐኪም ቤት አድርሻለሁ። አንደኛው የቀን ሠራተኛ ነው፤ ትናንት መርፌውን ጨርሶ ብስክሌቱን ሊወስድ መጣ። "ምኑን ጠገንከው?" አለኝ። "ምንም፣ ደህና ነበር። ግን ዶክተሯ እስክትፈቅድልህ እየገፋህ ሂድ" አልኩትና ጎማውን ነፍቼ ሰጠሁት።