እትዬ የሺ ያልለወጠችው መልስ

ባለፈው ሳምንት ሰፈራችን ራማት የዲዲም ውስጥ ስሄድ ከቆመ የፖሊስ መኪና የሬዲዮ ድምፅ ተንሿሿ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፤ ከባሕሩ በኩል ጨው ጨው የሚል ነፋስ ይመጣል። እትዬ የሺ ፊቴ ድቅን አለችብኝ።

እትዬ የሺ ከእኛ ቤት በላይ ባለው ፎቅ ትኖር ነበር። በልጅነቷ ከጎንደር የመጣች፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት። የሽማግሌዎች መጦሪያ ስለምታጸዳ እጇ በረኪና በረኪና ይሸት ነበር።

አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ ሰው ሁሉ ለሰንበት ሲገዛዛ፣ አንድ ፖሊስ የጎረቤታችንን ልጅ ዳኒን ማኮሌቱ፣ የሰፈራችን ሱቅ፣ በር ላይ ያዘው። መታወቂያውን፣ በዕብራይስጡ ቴዑዳውን፣ ቤት ረስቶታል። ፖሊሱ ከግድግዳው አስጠግቶ ኪሱን ይፈትሽ ጀመር። እኛ ወተታችንን ይዘን ቆመን እናያለን። እትዬ የሺ ዘንቢሏን አስቀምጣ መሃላቸው ገባች።

«ምን አጥፍቶ ነው?»

«ሂጂ፣ ሥራዬን አታደናቅፊ።»

«ጥፋቱን ስትነግረኝ እሄዳለሁ።»

አልጮኸችም፤ አልተነቃነቀችምም። የሚነግራት ጥፋት ስላልነበረው በመጨረሻ ልጁን ለቀቀው።

ጥቂት ቆይቶ ሚሽታራው፣ ፖሊስ መሥሪያ ቤቱ፣ ለማኅበረሰብ ፖሊስነት ከሰፈራችን ሰው ይፈልጋል ተባለ። እትዬ የሺ እወዳደራለሁ ስትል አባቴ ተቆጣ። «ከእነሱ ጋር ልትቆሚ ነው?»

«ቦታውን ለእነሱ ብቻ ለምን እተዋለሁ?» አለችው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረስና መንጃ ፈቃድ ማውጣት ነበረባት፤ የሩጫ ፈተናም አለ። ማታ ማታ ተማረች። ጎህ ሲቀድ ቀሚሷን ከሱሪ በላይ እንደለበሰች ባሕር ዳር ትሮጣለች። አንዳንዱ ጎረቤት በመስኮት እያየ ይስቅ ነበር።

ቃለ መጠይቁን እኛ ኩሽና ተቀምጣ ነው የነገረችን። ሥራው ትዕግሥት፣ ሰው ማዳመጥና ትእዛዝ ማክበር ይፈልጋል አሏት። ቀጥለው፣ ፖሊሱ መዝግቦት ኖሮ፣ የማኮሌቱን ነገር አነሱ፤ ዛሬ ቢሆንስ ምን ታደርጊያለሽ አሏት።

«ያንኑ አልኳቸው» አለች።

ትዕግሥት የላትም ብለው መለሷት። እናቴ «በሚቀጥለው ተጸጽቻለሁ በያቸው፣ ምን ቸገረሽ» ብትላት፣ «ውሸታም ፖሊስ ሞልቷቸዋል» አለች።

በዓመቱ ተመልሳ ሄደች። ጥያቄው ያው ነበር፤ መልሷም ያው። አንድ ሸበቶ መኮንን «ሰውየውን ሰድበሽዋል?» አላት።

«አልሰደብኩትም። ምክንያቱን ጠየቅኩት።»

ተቀበሏት። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የደንብ ልብሷን ለብሳ ሰፈራችንን በእግሯ ዞረች። ወጣት ይዞ ምክንያቱን የማይናገር ባልደረባ ስታገኝ፣ ሰው ፊት ትጠይቀው ነበር። ስለዚህ የሚጠሏት ነበሩ፤ ማዕረጓም ብዙ አላደገም። እሷ ግን አንድም ቀን አንገቷን አልደፋችም።

አሁን አጠገባችን ባለችው ክፋር ዮና ከተማ ከልጇ ጋር ትኖራለች። ከእሷ በኋላ ሌሎች የሰፈራችን ሴቶችም ለዚያው ሥራ ተወዳድረዋል። ቃለ መጠይቅ የቀረባት አንዷ ትናንት ቤታችን መጥታ ነበር፤ የተቃውሞ ሰልፍ ላይ ከፖሊስ ጋር ተከራክራ ታውቃለች፤ ስለዚያ ከጠየቁኝ ምን ልበል ብላ ጨንቋታል።

እናቴ ቀና ብላ አየቻትና «ያደረግሽውን ንገሪያቸው» አለቻት።