ገጽ ሰባት ላይ የወጣው ፕሬዚዳንት

የመጀመሪያ ቀኔን አልረሳውም። ሆላንድ፣ ሮተርዳም፣ ዴልፍስሃቨን የሚባል ሰፈር ውስጥ ያለች ትንሽ ሳምንታዊ ጋዜጣ ነበረች። የመጣሁት ከዛንዳም ብስኩት ፋብሪካ ነው። እዚያ ካርቶን አሽግ ነበር፤ ካርቶኑ ላይ ደግሞ አለቃዬን እሥል ነበር። አንድ ቀን ራሱን አየና አባረረኝ። በጣም ተመሳስሎ ነበር ማለት ነው።

የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ ሄንክ ይባላል፤ ረጅም፣ ፒፓ ካፉ የማይጠፋ ሰው። «ሥዕል የት ተማርክ?» አለኝ።

«የትም።»

«ማን አስተማረህ?»

«ማንም። መማር የሚፈልግ ካለ ግን እኔ አስተምራለሁ።»

ሳቀና ወንበር፣ ብዕር፣ ጥቁር ቀለምና ምላጭ ሰጠኝ። ምላጩ ቀለም ሲያመልጥ ወረቀቱን በስሱ መፋቂያ ነው። እኔ ብዙ አልፋቅሁም። ኮሪ ይሄን ብትሰማ ግን ትስቅብኛለች።

ኮሪ የገጽ አቀናባሪያችን ነበረች። የሄንክ ቃል ትእዛዝ ነው፣ የኮሪ ግን ሕግ ነው። ሥዕሉ ረቡዕ እኩለ ቀን ጠረጴዛዋ ላይ ካልደረሰ ቦታውን በሳሙና ማስታወቂያ ትሞላዋለች። ደርሶብኝ ያውቃል። ያን የመሰለ ሥራዬ ቀርቶ ሳሙና ወጣ።

የዚያን ዘመን ትልቁ ወሬ የደቡብ አፍሪካው የአፓርታይድ ፕሬዚዳንት ነበር። ዘ ሄግ ላይ እሱን የሚቃወም ሰልፍ አይጠፋም። ሰው መፈክር ይዞ ሲጮህ እኔ ወረቀት ይዤ ፊት እለቅማለሁ። የኛ ሥራ ግማሹ ፊት መልቀም ነው።

አንድ ሰኞ ሄንክ ጠራኝ። «ፕሬዚዳንቱን ጥቁር ሠራተኞች በወንበር ተሸክመውት ሣልልኝ። የፊት ገጽ ነው።»

የፊት ገጽ! እስከዚያ ድረስ ከአየር ሁኔታ ገጽ ወጥቼ አላውቅም። ወዲያው አምስተርዳም፣ ኦስዶርፕ ላለው ወንድሜ ደወልኩና «ፍሬም ግዛ፣ ትልቁን» አልኩት።

ተሸካሚዎቹን ከማውቃቸው ሰዎች ወሰድኩ። አንዱ ትራም የሚነዳው የሱሪናም ጎረቤቴ ነው። አንዷ ሆስፒታል የምታጸዳው እታለም ናት። ሌላው ጋሽ ተፈራ ናቸው፤ አገራችን ዳኛ ነበሩ፣ እዚህ ሆቴል ውስጥ ሰሃን ያጥባሉ። ሁሉንም ሙሉ ፊት፣ ከነሁለት ዓይናቸው ሣልኳቸው። ፕሬዚዳንቱን ግን በጎን፣ ባንድ ዓይን። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ያየ ሐበሻ ነገሩን ያውቀዋል፤ ጻድቅ በሁለት ዓይን ይሣላል፣ ይሁዳና ሰይጣን ባንድ።

ሄንክ አየው። «ሰውዬው ዓይኑን አሞታል እንዴ?»

አስረዳሁት። «እሺ፣ ይሄስ ይሁን» አለ፤ «ጥቁሮቹ የታሉ?»

«እነዚሁ ናቸዋ!»

«አይለዩም እኮ።» ከመደርደሪያው የድሮ ካርቱኖች መድበል አወረደ። ፕሬዚዳንቶቹ ከነረጅም ባርኔጣቸው፣ እያንዳንዱ የራሱ አፍንጫ፣ የራሱ ጢም አለው። ከሥራቸው ያሉት ጥቁሮች ግን ባንድ ማኅተም የተመቱ ይመስላሉ፤ ከንፈራቸው ቋሊማ፣ ዓይናቸው ሰሃን። «አንባቢ ባንድ አፍታ መለየት አለበት» አለኝ። «ካርቱን ነው፣ የፓስፖርት ፎቶ አይደለም። ደግሞ የምንሰድበው ፕሬዚዳንቱን ነው።»

«ታዲያ ስድቡ ለተሸካሚዎቹ ለምን ይደርሳቸዋል?»

ክፉ ሰው አልነበረም። ሰልፍ ላይ አብረን ዝናብ መትቶናል። ስለዚህ በቋንቋችን፣ በብዕር ላስረዳው አልኩ። በማግስቱ የቢሮውን ፈረንጆች በሙሉ ሥዬ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። ሁሉም ካሮት አፍንጫ፣ የጭድ ፀጉር፣ የእንጨት ጫማ፣ የተከፈተ አፍ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ቢሮአችን።»

«እኔ የቱ ነኝ?»

«ፈልግ እንጂ! ባንድ አፍታ ትለያለህ።»

ኮሪ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሄንክም ሳቀ። ከዚያ ፒፓውን ካፉ አወጣ። «አስቀኸኛል። ግን የፊት ገጹን የምወስነው እኔ ነኝ። ከንፈር ከጨመርክበት የፊት ገጽ፣ ካልጨመርክ ገጽ ሰባት።»

ገጽ ሰባት የጠፉ ድመቶች የሚፈለጉበት ገጽ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ብዕሬን ቀለም ነክሬ ጋሽ ተፈራ ከንፈር ላይ አስጠጋሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንደኔ የፊት ገጽ የሚወድ ሰው አልተፈጠረም። ወንድሜ ፍሬሙን ገዝቷል፣ ለአምስተርዳም ሐበሻ ሁሉ አውርቷል። ግን እሁድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ «እንዴት ሰነበቱ ጋሼ» የምለው በየትኛው ዓይኔ እያየኋቸው ነው? ብዕሩን ጠረግኩት።

«ኮሪ፣ ገጽ ሰባት» አልኳት።

ድመቶቹን ወደ ጥግ ሰበሰበቻቸውና ግማሹን ገጽ ለቀቀችልኝ።

እሁድ ጋሽ ተፈራ ገጹን አጥፈው ኮት ኪሳቸው ውስጥ ይዘው መጡ።

«ይሄን ሰውዬ ሰይጣን አረግኸው አይደል?»

«አዎ ጋሼ።»

«ደግ አረግህ። እኔን ግን ለምን አሸከምከኝ? ወገቤን እንደሚያመኝ እያወቅህ!»

«ለዚህ ወንበር የሚሆን ፊት ከእርስዎ በቀር አጣሁ ጋሼ።»

ሥዕሉን ራቅ አድርገው አዩት። «እዚህ ላይ ሰውዬውን ልጣለው፣ አልጣለው እያልኩ ነው እንዴ?»

«አዎ፣ እያሰቡበት ነው።»

«እሱስ ልክ ነህ» አሉና ገጹን ይዘው በሰው መሀል ዞሩ። «እኔ ነኝ! እዩኝ እስቲ፣ ይሄ እኔ ነኝ!»

ከዚያ በኋላ የፊት ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ ወጥቻለሁ፤ ያላየ ካለ ቤቴ ይምጣ፣ አሳየዋለሁ። ጋዜጣ ይዞ «እኔ ነኝ» ያለልኝ ሰው ያገኘሁት ግን በገጽ ሰባት ነው።

ለአዲስ ካርቱን ሠሪዎች፦ ፕሬዚዳንቱን እንዳሻችሁ አጣሙት፣ ሥራችሁ ነው። የተሸከመውን ሰው ግን መጀመሪያ ፊቱን እዩት።